ፍሪጅ ውስጥ ያለው ጋቢ

መብራት ለየቤቱ በልክ መታደል ከጀመረ ወዲህ፣ የጌም ሰርቨር፣ ማለትም የኮምፒውተር ጨዋታን ሌት ተቀን የሚያስኬድ ማሽን፣ ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ፍሪጅ አይሰካም። ስምረት ያመጣችውን ሥጋ ልታስቀምጥ የእናቷን ፍሪጅ ብትከፍት የአባቷን ጋቢ ታጥፎ አገኘችው።

«ጉድ ነው! እማዬ፣ ሰርቨር እኮ ይከራያል!»

«የኪራዩ ላይ ባለቤቱ ዓመት ሙሉ ጨዋታው ውስጥ ካልገባ የሠራውን ቤት ያፈርሱታል» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ። «አባትሽ ካረፈ ደግሞ ሦስት ዓመቱ።»

ከፍሪጁ አጠገብ ባለው ስክሪን ላይ አባቷ በጨዋታው ውስጥ የሠሩት ቤት እንደቆመ ነው። የሰፈሩ ልጆች ከየቤታቸው ገብተው ግቢው ውስጥ ይሯሯጣሉ፤ አንዷ እሳቸው የተከሉትን ጽጌረዳ ውሃ ታጠጣለች።

ስምረት ጋቢውን አስተካክላ የፍሪጁን በር ቀስ ብላ ዘጋች።

«ሥጋውን ታዲያ የት ላድርገው?»

«እነ ተዋቡ ጋ ውሰጂው፤ ፍሪጃቸው ውስጥ የማስቀመጥ የዛሬው ተራ የእነሱ ነው። ልጆቻቸው አባትሽ ቤት ይውላሉ፣ የእኔ ምግብ እነሱ ቤት ያድራል።»