የሲስሊ ልጅ ጥምቀት

የዚያን ዕለት እሑድ፣ ቄስ አምብሮስ ቲልኒ ስብከታቸውን ሳይጨርሱ አስር አለቃ ኦባዳያ ራድ ከኋላ ወንበር ተነሣ። ከንጉሡ ጋር የሚዋጋው የፓርላማው ጦር መንደሩ ውስጥ ከሰፈረ ወዲህ ወታደር ተነሥቶ ቄስ ሲሞግት ማየት ብርቅ አልነበረም።

“አባ፣ አንዲት ጥያቄ አለችኝ” አለ። “ሕፃን ያምናል ወይ?”

“ሕፃን በወላጆቹ እምነት ይጠመቃል።”

“እኔ የጠየቅሁት ስለ ወላጆቹ አይደለም። ሕፃኑ ራሱ ያምናል ወይ?”

ቄሱ የጸሎት መጽሐፋቸውን ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

“ታዲያ ያላመነ ላይ ውሃ መርጨት ጎመን ከማጠጣት በምን ይለያል?”

ወታደሮቹ ሳቁ። ከገበሬዎቹም አንዳንዶቹ ሳቁ፤ ቄሱን ያንገበገባቸው የእነዚህኞቹ ሳቅ ነው።

“ከእንግዲህ ሕፃን ሲረጭ ያገኘሁትን ቄስ ቀሚሱን ገፍፌ ከመንደር አባርረዋለሁ” አለና አስር አለቃው ተቀመጠ።

በዚያው ሳምንት፣ ባሏ በጦርነቱ የሞተባት ሲስሊ ያለ ወሯ ሴት ልጅ ተገላገለች። ጠዋት አዋላጇ ቄሱ ቤት መጣች።

“አባቴ፣ ልጅቷ የምትሰነብት አይደለችም። እናትየው ያጥምቁልኝ እያለች ነው፤ ቶሎ ይድረሱላት።”

“ወታደሮቹስ?” አሉ ቄሱ።

አዋላጇ ትክ ብላ አየቻቸውና ሄደች።

ቄሱ ሲነሡ ሲቀመጡ ረፈደ፤ ቀትርም አለፈ። በመጨረሻ የጸሎት መጽሐፋቸውን ካባቸው ሥር ሸጉጠው ወጡ።

ከሲስሊ አጥር ጥግ ሲደርሱ አስር አለቃው ከውሃ ጉድጓዱ በኩል ሲመጣ አዩት። የብረት ቆቡን ከራሱ አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል፤ ቀስ እያለ ነው የሚራመደው። ቄሱን ልብ አላላቸውም። በሩን በክርኑ ገፋ አድርጎ ገባ።

“ቀደመኝ” አሉ ቄሱ በልባቸው። “እጅ ከፍንጅ ሊይዘኝ ነው።”

ይወጣል ብለው ጠበቁ። አልወጣም። ከውስጥ ልቅሶ ሰሙ። ልባቸው ግቡ ግቡ ይላቸዋል፤ እግራቸው ግን እንቢ አለ። ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

“ደረስክላት?” አለቻቸው ሚስታቸው።

“አልቻልኩም።”

ጀምበር ሳትጠልቅ የሕፃኗ መሞት ተሰማ። ለቀብሩ ቄሱን የጠራቸው ሰው የለም፤ እሳቸውም ለምን ብለው የሚጠይቁበት አፍ አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲያ ለአንድ ቀሚስ ብዬ የሕፃን ነፍስ ጣልኩ እያሉ ራሳቸውን ይረግሙ ጀመር። ሌላው ቢቀር እናትየው ከእኔው አፍ ትስማው ብለው ሄዱ።

ሲስሊ የልጇን ጨርቆች እያጠፈች ነበር። ቄሱ አልቀመጥም አሉ።

“ልጄ፣ ያን ቀን መጥቼ ነበር። አጥርሽ ጋ ደርሼ ወታደሩን ሳይ ፈራሁና ተመለስኩ። ልጅሽ ሳትጠመቅ የሞተችው በእኔ ፍርሃት ነው። ይቅር በይኝ እንኳ ለማለት አልደፍርም።”

ሲስሊ ጨርቁን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀና ብላ አየቻቸው። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም።

“ልጄስ ተጠምቃለች፣ አባቴ። እርስዎ ሲቀሩብኝ አስር አለቃውን ለመንኩት፤ እሱ አጠመቃት።”