የዘሚካኤል ፎቅ

ፍሬ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ትምህርት ካቆመች ወዲህ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በስመኘው ፎቶ ቤት ትሠራለች። የአንድ ምድር ቤት ፎቶ ይመጣላታል። የስመኘው ጓደኛ በኮምፒውተር የነደፈው ፎቅም ይመጣላታል። እሷ ፎቁን ከቤቱ አናት ላይ አስቀምጣ ሁለቱን አንድ ታደርጋቸዋለች። ባለቤቱ ነገ የሚሠራውን ዛሬ ያያል። ከሥር «ወደፊት የሚሠራ» ተብሎ ይጻፍበታል።

ከሰው ጋር ማውራት ስለምታፍር ሥራው ተስማምቷታል። ቤት ዓይን ዓይን አያይም።

አንድ ቀን ስመኘው ከስልኩ ፎቶ ላከላት።

«ቡሬ ነው፤ የእህል ነጋዴው የዘሚካኤል ቤት። ሶሌታ ጣሪያው ላይ ፎቅ ጫኚበት። የአያ ላቀውን ልጅ ሊያገባ ነው።»

«መታሰቢያን?»

«ታውቂያታለሽ?»

«ልጆች ሳለን ትምህርት ቤት አብረን ነበር የምንሄደው።»

«በይ እንግዲያው አሳምሪላት። ደንበኛው መጋረጃው ሰማያዊ ይሁን ብሏል። በመስኮቱ ጠረጴዛና የንባብ መብራት ይታይ። መስኮቱም በጎን በኩል ይሁን፤ የመኪና ጫጫታ አትወድም ብሏል።»

ፍሬ ፈገግ አለች። መታሰቢያ ከትንሽነቷ ጀምሮ ሰማያዊ ትወድ ነበር። ይህን ሁሉ ያወቀ ምን ዓይነት ሙሽራ ነው?

የተነደፈው ፎቅ ከመጠን በላይ ንጹሕ ነበር። የቡሬን አቧራ ቀባችው። ከመስኮቱ ሥር ዝናብ ያወረደው የሚመስል ጥቁር መስመር ጨመረችበት። ከሶሌታው ላይ ተቀስሮ የቀረውን ብረት አንድ በአንድ አጠፋች። ፀሐይዋ በግራ ስለነበረች ጥላውን ወደ ቀኝ ጣለችው። በመጨረሻ የመንገዱን የመብራት ሽቦ ከፎቁ ፊት ለፊት አሳለፈችው። ያኔ ከሥዕልነት ወጥቶ ቤት ሆነ።

የተለመደውን ጽሑፍ ከሥር ልትጽፍ ስትል ስመኘው እጁን አወዛወዘ።

«ጽሑፉ ይቅር ብሏል ደንበኛው።»

«እንዲህ ከሆነ እኮ የእውነት ሊመስል ነው፣ ጋሼ።»

«ሊመስል ነዋ! ሽማግሌስ ሲላክ ጎጆውን አዳራሽ አይደል የሚያደርገው? አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

ፍሬ አንገቷን ደፍታ ሥራዋን ሠራች። ዘሚካኤልን አይታው አታውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጠላችው። ራሷን ደግሞ ይበልጥ።

ጥቂት ቆይቶ መታሰቢያ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ፎቶ ቤቱ መጣች።

«አንቺ አፈ ድዳ! ዛሬም ታፍሪያለሽ?» ብላ አቀፈቻት። «ላገባ እኮ ነው፣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሽማግሌዎቹ ደጋግመው ሲመጡ እምቢ ብዬ ነበር። የአሥራ ሁለተኛውን ፈተና ወድቄ፣ ደግሞ ባል? አልኩ። ከዚያ አባዬ ይህን አሳየኝ።» ስልኳን አወጣች። «ይቺ ክፍል የእኔ ናት። በሯን ዘግቼ አነብና እንደገና እፈተናለሁ። የእኛን ቤት ታውቂው የለ? ሰዉም ከብቱም አንድ ላይ ነው። ይቺ ክፍል ባትኖር አንገቴ ቢቆረጥ እሺ አልልም ነበር።»

ፍሬ በገዛ እጇ የሳለችውን ጥላ አየች።

«አታምርም?»

«ታምራለች» አለች ፍሬ። ፊቷ እንደ እሳት ነደደ።

«ምነው ቀላሽ? አንቺ ነሽ እንዴ ሙሽራዋ?» ብላ መታሰቢያ ሳቀችባት።

መታሰቢያ ከሄደች በኋላ ፍሬ አሁኑኑ ልከተላትና ልንገራት ብላ ተነሳች፤ ደጁ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ለታጨች ልጅ እንዲህ ያለ ወሬ እንዴት ይነገራል? የትዳር ነገር ያለው ከአባት ዘንድ ነው። አያ ላቀው ደግሞ የድንበር ጠብ ሲነሣ የሚጠሩ፣ ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌ ናቸው። መታለላቸውን ከሰሙ በዕለቱ ያፈርሱታል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መኪና ተሳፍራ ማንኩሳ ወረደች። ከዚያ በእግሯ ወደ አያ ላቀው መንደር ሄደች። አያ ላቀው ከደጃቸው በርበሬ አስጥተው ያገላብጡ ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የማን ልጅ ነሽ?»

«ፍሬ ነኝ። ስመኘው ፎቶ ቤት እሠራለሁ።»

እጃቸው ከበርበሬው ላይ ቆመ።

«ምነው በደህና?»

ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ አወጣችው። «አያ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያ የቡሬው ቤት ፎቅ የለውም። እኔ ነኝ በኮምፒውተር የጨመርኩበት። ዘሚካኤል አታልሎዎታል። መታሰቢያ ለዚያች ክፍል ብላ ነው እሺ ያለችው። ስትገባ ሶሌታና ብረት ብቻ ነው የሚጠብቃት።»

አያ ላቀው ዶሮ ወደ በርበሬው ስትጠጋ እንኳ እሽ አላሏትም።

«ይህን ለመታሰቢያ ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም። መጀመሪያ እርስዎ ይወቁት ብዬ ነው።»

«ለሌላስ ሰው?»

«ለማንም።»

«ደግ አደረግሽ። ጨዋ ልጅ ነሽ።»

ፍሬ ከስንት ቀን በኋላ ቀና አለች። ከላይዋ ድንጋይ የተነሣላት መሰላት። አያ ላቀው ወደ ቤቱ በር መለስ ብለው አዩ፤ ማንም አለመኖሩን ሲያረጋግጡ ጠጋ አሏት።

«ደረጃውን ግን ረስታችሁታል» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መታሰቢያ በየት ነው የምወጣው ብላ ጠየቀችኝ፤ ስመኘው እሱንም ጨምሮበት እንደ በፊቱ እንዲልክልኝ ንገሪልኝ።»