ከመጋረጃው ወዲያ ያለ እጅ

ኑርሁሴን እስከ ክርኑ ሊጥ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ሻይ ቤቱ በገበያተኛ ጢም ብሏል፤ ከወዲህ ደግሞ ይሄ ግዙፍ ሰውዬ ሳፋው ላይ አጎንብሶ ሊጡን በቡጢ ይደልቃል፤ ድምፁ እንዳይወጣ ትንፋሹን ውጦ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ይሄን ቦምቦሊኖ የምታቦካው ሚስቱ ፈዲላ ናት። ሰው የሚያውቀው እንደዚያ ነው።

ሙያውን ያመጣው ከአሰብ ነው። አራት ዓመት ለወደብ ሠራተኞች ሲያቦካና ሲጠብስ ከርሞ፣ ያጠራቀማትን ይዞ ተመለሰና ሻይ ቤቷን ከፈተ። አሰብ ላይ ማን ምን ሊለው፤ ሁሉም ወንድ፣ ሁሉም የሰው አገር ሰው። ሐይቅ ሲገባ ግን ያልተሳቀው ሳቅ ገና ከሩቅ ተሰማውና መጋረጃዋን ሰቀላት። ቀበሌው ስኳር በነፍስ ወከፍ በሚያድልበት በዚያ ዘመን፣ ምስኪን፣ ከስኳሩ እጦት ይልቅ የሚያስጨንቀው የሰው አፍ ነበር።

ፈዲላም ስለምትወደው እሺ አለችው። አንዴ እሷው ላቡካ ብላ ሞክራ ያወጣችው ቦምቦሊኖ ጥርስ የሚሰብር ነበርና ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ስቀዋል። ከዚያ ወዲህ እሱ ይሠራል፣ እሷ ታቀርባለች፤ ምርቃቱንም እሷ ትቀበላለች።

አሁን መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ገባች። ሸህ ኑርዬ ከአርዲቦ ወደ ገበያው ሲመጡ ጎራ ብለው፣ ጥርስ ባይኖራቸውም ሁለት በልተው፣ ያቦካችውን ልመርቃት እጇን ይዛ ትምጣ እያሉ ነው። ኑርሁሴን ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሂጂ እንጂ አላት።

«አልሄድም» አለች ቀስ ብላ። «የጎረቤቱን ምርቃት ሁሉ ያለ ሥራዬ ስወስድ ከረምኩ። የሸህ ኑርዬን ዱዓ ግን አልሰርቅህም። ያንተ ነው።»

ባዬ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጧል ብሎ ለመናት። ባዬ እህል ነጋዴው፣ አንድ ጎረቤቱ ሚስቱ ታማበት ውሃ ቢቀዳ «እንስራው» ብሎ ሰይሞት፣ ይኸው የሰውየው ልጆች እንኳ የእንስራው ልጆች ተብለው ቀርተዋል። ሊጥ ሲያቦካ ለተገኘማ ምን ያወጣ ይሆን? ፈዲላ አልተቆጣችም። በሻርፗ ጫፍ ቅንድቡ ላይ የተረጨውን ዱቄት ጠረገችለት።

«እኔ በዚህ እጅ አንድ ቀን አፍሬ አላውቅም» አለችውና ወጥታ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

ሸህ ኑርዬ እሷ ካፈረች ባለቤቷ ይምጣልኝ ብለው ተጣሩ። እንዳይታጠብ የእጅ ውሃው ያለው ደጅ ነው፤ የሚታለፈውም በሰው መሀል። ኑርሁሴን ጋቢውን ደርቦ፣ ሊጣም እጆቹን ከሥር ደብቆ ወጣና ቆመ።

ሽማግሌው ዱዓ ሲጀምሩ የቤቱ መዳፍ ሁሉ ተዘረጋ። ባዬ ክርስቲያን ነው፤ እሱም ዘረጋ፤ ዱዓ እየተደረገ እጁን አጥፎ የሚቀመጥ ሰው እዚህ አገር የለም። ስለ ዝናቡ ለመኑ፣ ስለ ዘማች ልጆች ለመኑ፣ ሁሉም አሚን አለ። ቀጥለውም «ይቺን ያቦካች እጅ» ብለው ቆም አሉና ቀና አሉ።

«ኑርሁሴን፣ ምነው እጅህ ልጄ?»

ኑርሁሴን ፈዲላን አያት። መዳፎቿን ጭኗ ላይ ደፍታቸዋለች። ዱዓው መሀል ቤት ተንጠልጥሏል፤ የሚቀበለው እጅ አጥቷል። እሷ ለእሱ ብላ ስንት ቀን የእሷ ያልሆነ ነገር ተሸክማ እንደኖረች ያን ጊዜ ገባው።

ጋቢውን ወደ ኋላ ጣለና እጆቹን ዘረጋ። ሊጡ በየጣቱ መሀል ተጣብቆ፣ እስከ ክርኑ ነጭ ነው። የባዬ አፍ ተከፈተ።

«እኔ ነኝ የማቦካው» አለ ኑርሁሴን። «ድሮም እኔ ነኝ።»

ባዬ ስም ማውጣቱ አይቀርም። ያውጣ። ሸህ ኑርዬ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ሊጡ እሳቸውም ላይ ተጣበቀ።

«ይቺ እጅ አትንጠፍ» አሉ። «በረካ ይግባባት።»

ከሁሉ ቀድሞ አሚን ያለው ድምፅ ከጥግ መጣ። ፈዲላ ናት፤ ሁለት መዳፎቿን እስከ ፊቷ ከፍ አድርጋ ዘርግታለች።