ሁለተኛው ወረቀት

«ግማሽ ሰዓት አለሽ» አላት የቀበሌው ሊቀመንበር፣ የተጻፈበት ወረቀትና እስክሪብቶ እያቀበላት። «ባልሽን ካስፈረምሽው ዛሬውኑ ይዘሽው ቤትሽ ትገቢያለሽ። እምቢ ካለ ነገ ጠዋት መኪናው ይመጣል።»

መኪናው ወዴት እንደሚሄድ አጋሮ ውስጥ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። በዚያ ዓመት ተጭነው ከሄዱት አንድም አልተመለሰም። ተስፋነሽ ወረቀቱን አጣጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችና አብዮት ጠባቂውን ነጋሳን ተከትላ ገባች።

እስር ቤቱ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የቡና መጋዘን ነው። ባሏ ኤርሲዶ ከከምባታ እንደመጣ ሰባት ዓመት ሙሉ ጆንያ የተሸከመው እዚሁ ነበር፤ የተዋወቁትም እሷ ደጁ ላይ ቡና ስትለቅም ነው። አሁን ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ በኋላ ምእመናኑን ቤቱ ሰብስቦ ሲያስጸልይ ተይዞ ከገባ ሦስተኛ ወሩ ነው። ያን ሁሉ ጆንያ የተሸከመ ሰው አንገቱ የልጅ አንገት አክሏል።

«ልያ እንዴት ናት?» አላት ገና ሳትቀመጥ።

«ጥርስ አወጣች።»

«ስንት?»

«ሁለት። ከታች።»

ሳቀ። ሳቁ የድሮው ሳቅ ሆነባት። ጠዋት ቡና ስትለቅም ልትለው የምትፈልገውን ቃል በቃል አጥንታ ነበር የመጣችው። ሳይጠፋባት ጀመረች።

«ስማኝ፣ የልያ አባት። እግዚአብሔር የሚያየው ልብህን ነው። ወረቀት ወረቀት ነው። ፈርምላቸውና ቤትህ ግባ፤ ሌላውን ለብቻችን ስንሆን እናለቅሰዋለን።»

«ፈርሜላቸው ነበርኮ» አላት።

አልገባትም።

«ማክሰኞ ዕለት። ከጎኔ ይተኛ የነበረውን ሣህሉን ጠርተው ወሰዱት። ቀጥሎ እኔ ነኝ አልኩ። ‹ከእንግዲህ ክርስቶስን አላውቅም› የሚል ጽፈው ሲያመጡልኝ እጄ እየተንቀጠቀጠ ፈረምኩ። አርብ ትለቀቃለህ አሉኝ።»

«ታዲያ?»

«ረቡዕ አስጠራሁና ወረቀቴን መልሱልኝ አልኳቸው። ሳቁብኝ። እንግዲያው ሌላ ጻፉልኝ፣ ያኛውን ሞት ፈርቼ ነው የፈረምኩት በሉልኝ አልኩ። ጻፉ። ፈረምኩ።»

ደረቱን በጡጫ መታችው። አጥንቱ እጇን አሳመማት። «አበድክ? በር ላይ ደርሰህ ተመለስክ?»

እጇን ያዛት። «ከፈረምኩ በኋላ ፍርሃቱ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር፣ ተስፉ። ባሰብኝ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ያው ላብ፣ ያው መንቀጥቀጥ። ነገ ደግሞ አብረውህ የሚጸልዩትን ስም ጥራ ይሉኛል፤ ያን ጊዜም ሞት ፈርቼ እጠራለሁ። የጠየቁኝን ሁሉ እየሰጠሁ፣ እየፈራሁ ላረጅ ነው። ጌታ ሞትን አሸንፏል እያልኩ ስንት ለቀስተኛ አጽናንቻለሁ! ለካስ ለራሴ ነግሬው አላውቅም። ረቡዕ ለራሴ ነገርኩት። ሁለተኛውን ስፈርም እጄ ዝም አለ።»

«አንተስ ዳንክ» አለችው። «እኔስ? እኔ እፈራለሁ። ያቺን ልጅ ይዤ የት እገባለሁ?»

ጥቅስ የሚጠቅስላት መስሏት ጠበቀች። ቢጠቅስ ኖሮ ትጣላው ነበር። የእሱ ዓይን ግን እንባ ሞላ።

«አላውቅም» አላት። «እሱን እኔም አላውቅም። ቀን ከሌት የምለምነው ስለሱ ነው።»

ከውጭ የቡና ፈልፋዩ ሞተር ይሰማል። ቆይቶ «ትንሽ ጋደም ልበል?» አላት፤ መልስም ሳይጠብቅ ራሱን ጭኗ ላይ አኖረ።

ልትለምነው የቀራት ብዙ ነበር። የነጠላዋን ቋጠሮ እየፈታች «እሺ በለኝ እንጂ፣ ስለ ልያ ስትል» ብላ ጎንበስ ስትል፣ ተኝቷል። አፉ በትንሹ ተከፍቶ፣ ግንባሩ ላይ አንድም መስመር ሳይኖር ተኝቷል። ከመታሰሩ በፊት እንኳ፣ ጸሎት ቤቱ ከታሸገ ጀምሮ፣ እንዲህ ሲተኛ አይታው አታውቅም። እጇን ከቋጠሮው ላይ አነሣች።

ግማሽ ሰዓቱ አለፈ። ነጋሳ በሩን ገፋ አድርጎ ብቅ አለና ቆመ።

«ረፌ?» አለ በኦሮምኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አዎ፣ ተኝቷል፣ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«ከረቡዕ ወዲህ ነው እንቅልፍ የሚወስደው። እኔ ነኝ የምጠብቀው፣ አያለሁ።» ወደ ሊቀመንበሩ ቢሮ ዞር ብሎ አየ። «አልፈረመም አይደል?»

የነጠላዋን ቋጠሮ መልሳ አጠበቀችው።

«ነገ መኪናው በናንተ ሰፈር ነው የሚያልፈው፤ ሁለት ሰዓት ላይ» አላት ነጋሳ። «ልጅቷን ይዘሽ መንገዱ ዳር ቁሚ። በግራ በኩል አስቀምጠዋለሁ።»

«ትንሽ ይተኛ፣ ወንድሜ።»

ነጋሳ መሣሪያውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረና፣ በሩን ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ ብሎ መልሶ ገጠመው።

ተስፋነሽን ፍርሃቷ አልለቀቃትም። እግሯ ደንዝዟል፤ ግን አላንቀሳቀሰችውም። እንባዋ ፊቱ ላይ ጠብ ብሎ እንዳይቀሰቅሰው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።