ከቅዳሴ በፊት የተቃመች እፍኝ ቆሎ

«እኔ? ለሸማኔ ልጅ ረዳት ልሁን?!»

ቄስ ሙላው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጮኹ...

ነገሩ የሆነው ላይ ጋይንት ነው። ከንፋስ መውጫ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ገጠር።

የተጮኸባቸው ቄስ ገብረ ሕይወት ናቸው። በዕድሜ ያንሳሉ፣ አባታቸው ሸማኔ ነበሩ... ግን የዚያ እሁድ ዋና ቀዳሽ እሳቸው ናቸው። ረዳቱ ቄስ ሙላው።

ቄስ ሙላው ይሄን ሲሰሙ ቤታቸው ቀሩ! ቄስ ገብረ ሕይወት ደጃፋቸው ድረስ ሊለምኑ መጡ።

«አባ፣ ከሩቅ አገር በቃሬዛ የመጡ አሮጊት ደጀ ሰላም ተኝተዋል። ሐኪም ወደ ቤት ውሰዷቸው ብሏል። ሳልቆርብ አልሙት እያሉ ነው።»

«ዋናው አንተ አይደለህ? አቁርባቸዋ!»

ለማታውቁ ልንገራችሁ... ቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ካህንና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል። አንድ ከጎደለ ቅዳሴ የለም። ቅዳሴ ከሌለ ቁርባን የለም።

እዚያ ደብር ያሉት ካህናት ደግሞ ሁለት ብቻ!

ቄስ ገብረ ሕይወት ጭቃው ላይ ተንበረከኩ።

«ዋናው እርስዎ ይሁኑ። እኔ እረዳለሁ። ብቻ ይምጡ...»

ሰው ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

ቄስ ሙላው ግን ፈገግ አሉ። ከሰፌዱ ላይ እፍኝ ቆሎ አነሱ... ዓይን ዓይናቸውን እያዩ ቃሙ።

«ይኸው በላሁ! አሁን ጳጳስ ቢለምነኝም መቀደስ አልችልም። ሂድ!»

የበላ ካህን በዚያ ቀን አይቀድስም። አውቀው ነው የበሉት! ኧረ እንዴት ያለ ልብ ነው?

ወደ ማዶው ደብር ካህን ፍለጋ ሰው ሮጠ...

የሮጠው ሰው ሳይመለስ፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን ከደጀ ሰላም ዋይታ ተሰማ።

ይሄኔ ቄስ ሙላው መስቀላቸውን ይዘው ከች! ፍትሐት ላይ ሕዝብ ያያላ!

ቃሬዛው አጠገብ ቆሙ። ለጸሎቱ ስም ያስፈልጋል።

«የክርስትና ስማቸው ማነው?»

ሁሉም ወደ ቄስ ገብረ ሕይወት ዞሩ...

«ወለተ ማርያም» አሉ ቄስ ገብረ ሕይወት። «የዓለም ስማቸው አልጣሽ። ከስማዳ ነው የመጡት።»

ቄስ ሙላው ጋቢውን ገለጡት...

እናታቸው ናቸው! ካዩዋቸው ሦስት ዓመት ሆኗል።

«ለምን አልነገርከኝም?!» ብለው የቄስ ገብረ ሕይወትን አንገት አነቁ።

«ሁላችንንም በእመቤታችን ገዝተውን ነው። ‹ስሜን እንዳትነግሩት። ለእናቱማ ማንም ይመጣል። ልጄ ለማያውቃት በሽተኛ ሲመጣ አይቼ ልሙት› አሉን።»

«ቆሎውን... ነገርካት?»

«አልነገርኳቸውም። ‹መጣ ወይ?› ባሉኝ ቁጥር ‹ልብሰ ተክህኖ እየለበሱ ነው› እያልኩ ዋሸሁ። በሩን እያዩ ሞቱ።»

...

ወገን፣ አገልግሎት ላይ ወንበር የሚመርጥ ሰው ደጅ ላይ ማን እንደተኛ አያይም። ለማናውቀው ሰው መነሳት ካቃተን መስቀሉም ማይኩም ምን ያደርግልናል? ዘማሪ ነኝ፣ ሰባኪ ነኝ፣ የማኅበር ሰብሳቢ ነኝ የምንል ሁላችን፣ የበላናትን እፍኝ ቆሎ እናስብ። እኔም አለችኝ...

እስቲ እናንተ ፍረዱ... ቄስ ገብረ ሕይወት ግዝቱን አፍርሰው «እናትዎ ናቸው» ማለት ነበረባቸው? ወይስ ዝም ማለታቸው ልክ ነው? ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ።