ኮላጅን በሁዳዴ

ፌብሮኒያ አንድ ቆርቆሮ ዱቄት ይዛ የገባችው በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ነው። ካይሮ፣ ሹብራ ሰፈር ባለ አንድ ፋርማሲ ትሠራለች። አማቷ ፊት አስቀመጠችውና ለመገጣጠሚያ ጥሩ እንደሆነ፣ ኮላጅን እንደሚባል፣ ከትንሣኤ በኋላ በየጠዋቱ አንድ ማንኪያ በውኃ እየተበጠበጠ እንደሚጠጣ አስረዳቻት።

አማቲቱ ወይዘሮ ናርጊስ ጉልበቷን ካመማት ዐሥር ዓመት አልፎታል። አራት ፎቅ የምትወርደው ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው፤ የቀረውን ከበረንዳዋ ቅርጫት በገመድ እያወረደች ከታች ካለው ባለሱቅ ታስመጣለች። ይህ አያሳስባትም። የሚያሳስባት ስቅለት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የስቅለትን አራት መቶ ስግደት አንድም አጉድላ አታውቅም። ጾምም ገድፋ አታውቅም። ሁለቱንም እንደያዘች መሞት ትፈልጋለች።

«ከምንድን ነው የሚሠራው?» አለች።

«ከከብት ቆዳና አጥንት።»

ናርጊስ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። አባቷ አናጢ ነበር። ሙጫውን ከቆዳና ከሰኮና እየቀቀለ ያዘጋጅ ስለነበር፣ ያደገችበት ቤት፣ ልብሳቸውም ዳቧቸውም ሳይቀር ያንኑ ይሸት ነበር። እርጥብ ጣቷን ዱቄቱ ውስጥ ነከር አደረገችው። ወዲያው አዝለገለገና ሁለቱ ጣቶቿ ተጣበቁ። በሳሙና ሁለት ጊዜ፣ በሎሚ አንድ ጊዜ ታጠበች።

«ይህን ሬሳ ከዐይኔ አጥፊልኝ» አለች።

ፌብሮኒያ ቆርቆሮውን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው።

ሁለቱ ሴቶች ድሮም አይዋደዱም። በሁዳዴ ዐርብ ዐርብ ናርጊስ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጄሊ፣ ከፓኮ ዱቄት ተፈልቶ የሚረጋ ጣፋጭ፣ ትሠራለች፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። ባለሱቁ እንጆሪ የተሳለባቸውን ፓኮዎች በቅርጫቱ ይሞላላታል፤ እሷም ፊቷን ከእንፋሎቱ ዞር አድርጋ እያማሰለች፣ የሎሚ ልጣጭና ብዙ ቫኒላ ትጨምርበታለች። ወተትም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም የለበት። ሰፈሩ ሁሉ ይመርቃታል። ፌብሮኒያ ግን ካገባች ስድስት ዓመቷ፣ በጾም አንድ ማንኪያ እንኳ ቀምሳላት አታውቅም። ጣፋጭ አይስማማኝም ትላለች። በፋሲካ ኬኩን ስትቆርስ ያየ ሰው ይህን አያምንም። ናርጊስ ንቀት ነው ብላ በሆዷ ይዛባታለች።

በአራተኛው ሳምንት የናርጊስ ጉልበት ተሻለው።

በየሁዳዴው እንዲሁ ትንሽ ቀለል ይላት ነበር፤ የጾም በረከት ነው ትል ነበር። ዘንድሮ ግን ቁም ሣጥኑ ላይ ያ ቆርቆሮ አለ። በዚያ ሰሞን ፌብሮኒያ ያቀረበችውን ፉል ስትጎርስ ምላሷ ላይ ሙልጭልጭ አለባት። ቀና ስትል ምራቷ ትኩር ብላ እያየቻት ነው። የጎረሰችውን ተፋችው፤ ከዚያም መታጠቢያ ቤት ገብታ የቀረውን አስመለሰችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከራሷ እጅ በቀር አልበላም አለች። ድንቿን ራሷ ትቀቅላለች፤ ከልጆቹ የተረፈውን ጄሊ ጠዋትና ማታ ትበላለች፤ በላዩ ሻይ ትጠጣለች። ጉልበቷ ግን ጭራሽ እየበረታ ሄደ። ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ወረደች። በወረደች ቁጥር ጥላቻዋ ባሰ። ጨዉ ውስጥ ነው የከተተችው አለች። ጨዉን ደፋች። ቀጥሎ ስኳሩን ደፋች። የከብት ቆዳ ጉሮሮዋ ላይ የተለጠፈ እየመሰላት ቀኑን ሙሉ ትተፋ ጀመር፤ ቤቱ ሁሉ ቀፈፈ።

በመጨረሻ ልጇን ዋግዲን ጠርታ፣ ከሕማማት በፊት ወይ ሚስትህ ትወጣለች ወይ እኔ አለችው። ዋግዲ ንስሐ አባታቸውን፣ ቄሱን አቡና ፊልታዎስን ለመነና ዐርብ ከሰዓት መጡ።

ናርጊስ እንደ ልማዷ አንድ ኩባያ ጄሊ አቀረበችላቸው። ለልጆቹ የተዘጋጁት አርባ ኩባያዎች ጠረጴዛው ላይ ተሰልፈዋል። ቄሱ እየበሉ ክሱን ሰሙ። ክሱ ሲያልቅ የእጅ መስቀላቸውን ወደ ፌብሮኒያ ዘረጉ።

«ስመሽ ንገሪኝ፣ ልጄ። ጨምረሽባቸዋል?»

ፌብሮኒያ መስቀሉን ሳመች። «አልጨመርኩም፣ አቡና። ከሰቀልኩት ወዲህ አልነካሁትም።»

«ታዲያ ጉልበቴን ማን አዳነው?» አለች ናርጊስ። «ዕድሜ ልኬን የጠበቅሁትን ጾም አስገደፈችኝ። አሁን በየትኛው አፌ ልቁረብ?»

አቡና ፊልታዎስ ቆርቆሮውን አስወረዱ። መነጽራቸውን አድርገው ጀርባውን አነበቡ። «ኮላጅን፤ ከከብት ቆዳና አጥንት» አሉና ፊታቸውን አጨማደዱ። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች፤ በስውር ማብላት ግን ነውር ነው አሉ። የመረረውን አፋቸውን ሊያጣፍጡ ከጄሊው ጠቀም አድርገው ጎረሱ።

ናርጊስ ወደ ምራቷ ዞረች። «ዛሬውኑ ሻንጣሽን ታወጫለሽ። አንድ ቃል እንኳ የለሽም?»

ፌብሮኒያ የቄሱን ኩባያ አየች፤ አርባዎቹንም አየች። ዐይኗ እንባ አቀረረ።

«ስድስት ዓመት ዝም ያልኩት ለእርስዎ ብዬ ነበር፣ እማማ» አለች። ወጥ ቤት ገባችና ባዶ የእንጆሪ ጄሊ ፓኮ ይዛ ተመለሰች፤ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋ ቆርቆሮው አጠገብ አስቀመጠችው።

መነጽራቸውን ገና ያላወለቁት አቡና ፊልታዎስ «ለማርጊያ የገባ፦ ጀላቲን፤ ከከብት ቆዳና አጥንት» ብለው አነበቡና፣ አፋቸው ውስጥ የቀረውን ወደ መሐረባቸው ተፉት።