እትዬ ምንድነው

ወጣቷ መምህርት ለእናቷ «ተቀጠርኩ» ብላለች። እውነቱ ግን በአንድ ቤተ መጻሕፍት የተቀጠረችው ለሙከራ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ቁርጡን ነግረዋታል። «ለጡረተኞች የኢንተርኔት ትምህርት ከዚህ በፊትም ሞክረን ከሽፎብናል። ወንበሩ ባዶ ከሆነ እንዘጋዋለን።» እናቷ ደግሞ ወሬውን ለጎረቤት ሁሉ አዳርሳ፣ የሥራ ጫማ ሳይቀር ገዝታላታለች።

የመጀመሪያው ቀን ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። መምህርቷ ከኮሌጅ ይዛ የወጣችውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው፤ ሞደም፣ ራውተር፣ አይፒ አድራሻ፣ ባንድዊድዝ። ጡረተኛው ሾፌር ራሳቸውን ነቀነቁ። ልብስ ሰፊዋም ነቀነቁ። «ገባችሁ?» ስትል «በደንብ!» አሏት። ለማንም ጠብ ያለለት ነገር አልነበረም። ግን በዚያ ዕድሜ፣ የልጅ ልጅ በምታህል መምህርት ፊት «አልገባኝም» ማለት ከሞት አይተናነስም።

በሚቀጥለው ሳምንት ግማሾቹ ቀሩ።

ያን ቀን አንዲት አዲስ ሴትዮ መጡ። ፀጉራቸው ገብስማ ነው፤ ቦርሳቸውን በብብታቸው ሸጉጠዋል። ክፍሉ ታፍኖ ነበር፤ ሾፌሩ ከመስኮቱ ጋር ሲታገሉ ቆይተው እጅ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ ሲያልፉ የመስኮቱን ግርጌ በመዳፋቸው መታ አድርገው ከፈቱት። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ሰዉ አዙረው ተቀመጡ።

መምህርቷ «ራውተሩ ከሞደሙ የተቀበለውን ዳታ…» ከማለቷ እጃቸውን አወጡ።

«የኔ ልጅ፣ ራውተር ምንድነው?»

«ባለፈው ሳምንት ተምረነዋል።»

«ባለፈው አልነበርኩም። ብኖርም አይገባኝም ነበር።»

ክፍሉ ሳቀ። መምህርቷ ፊቷ ደም መሰለ። ከኮሌጅ ያመጣችውን ፍቺ ልትደግመው ጀምራ ተወችው።

«እሺ… ሞደም አስተርጓሚ ነው በሉት። ከውጭ በመስመር የሚመጣውን ቤት ውስጥ ያሉት ዕቃዎች በሚገባቸው ቋንቋ ይተረጉማል። ራውተር ደግሞ ቤት ውስጥ ምግብ እንደሚያወጣ ሰው ነው። ‹ይሄ የአባትሽ፣ ይሄ የወንድምሽ› እያለ የመጣውን ለየስልኩ ያከፋፍላል።»

«የማንን ለማን እንደሚሰጥ በምን ያውቃል?»

«እያንዳንዱ ስልክ የራሱ ቁጥር አለው፤ እንደ ቤት ቁጥር። አይፒ አድራሻ የሚባለው እሱ ነው።»

ሾፌሩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አትይንም!»

ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ «እትዬ ምንድነው» የሚል ስም ወጣላቸው። አንድም ቀን ሳይጠይቁ አልዋሉም። ባንድዊድዝ ምንድነው? የቧንቧው ስፋት፤ ሁሉም በአንዴ ሲቀዳ ውሃው ይቀጥናል። የይለፍ ቃል ምንድነው? የበር ቁልፍ፤ ለሰፈሩ ሁሉ አይታደልም። የቀሩትም ወሬውን ሰምተው አንድ በአንድ ተመለሱ።

መምህርቷ ግን እንቅልፍ አጣች። ሴትዮዋ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤታቸው አይሄዱም፤ ደረጃውን ወጥተው ኃላፊው ቢሮ ይገባሉ። አንድ ቀን በበሩ ስታልፍ ሁለቱ ሲሳሳቁ ሰማች። ሌላ ቀን ደግሞ ፕሮጀክተሩ አልበራ ሲላት፣ እትዬ ምንድነው ቀና እንኳ ሳይሉ «ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለውን ሶኬት ሞክሪው» አሏት። በራ። ኃላፊው ካልነገሯቸው ይህን በምን አወቁ?

ልብስ ሰፊዋም ጠጋ ብለው ሹክ አሏት። «ልጄ፣ ተጠንቀቂ። ይቺ ሴትዮ ጆሮ ጠቢ ሳትሆን አትቀርም። ሰው እንዲህ ድርቅ ብሎ አይደነቁርም።»

አንድ ቀን እትዬ ምንድነው ስለ ዋይፋይ ደግመው ሲጠይቁ የመምህርቷ ትዕግሥት አለቀ።

«እትዬ፣ ዋይፋይ ምን እንደሆነ ነግሬዎታለሁ! እየፈተኑኝ ነው እንዴ?»

ሴትዮዋ አልተቆጡም።

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፣ የኔ ልጅ። ስልኬ ‹ዋይፋይ አለ› እያለ ኢንተርኔቱ እንቢ ሲል ግራ ይገባኛል። የሚገባው ካለ እጁን ያውጣ።»

እጁን ያወጣ የለም። መምህርቷ አፈረች። ዋይፋይ ቤት ውስጥ ያለው ቧንቧ፣ ኢንተርኔት ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ውሃ እንደሆነ፣ ውሃው ከተቋረጠ ቧንቧው ብቻውን ጥም እንደማይቆርጥ ቀስ ብላ አስረዳች። «አሃ!» የሚል ድምፅ ከየወንበሩ ተሰማ።

በመጨረሻው ቀን ኃላፊው ራሳቸው መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። እትዬ ምንድነው የሉም። መምህርቷ ነገሩ የገባት መሰላት። ሴትዮዋ ሥራቸውን ጨርሰዋል ማለት ነው፤ የሚባለውም ተብሏል። ለእናቷ ምን ብላ እንደምትነግር እያሰላሰለች ማስተማር ጀመረች።

«ዛሬ… ስለ ፋየርዎል እንማራለን።»

ሁሉም ወደ እትዬ ምንድነው ባዶ ወንበር ዞሩ። ከዚያ የሾፌሩ እጅ ወጣ።

«ፋየርዎል ምንድነው?»

«ዘበኛ ነው። ከውጭ የሚመጣውን በር ላይ እያየ የሚያስገባና የሚመልስ።»

«ዘበኛው እንግዳውን ከሌባው በምን ይለያል?» አሉ ልብስ ሰፊዋ።

ከዚያ ማን ያቁማቸው! ጥያቄው እንደ ዝናብ ወረደ። ሰዓቱ አልፎም የሚነሳ ጠፋ።

ክፍሉ ሲለቀቅ ኃላፊው ወደ እሷ መጡ።

«ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ቋሚ ነሽ።»

መምህርቷ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ጫማዋን አየችና ሳቀች። ደስታም ደፋር ያደርጋልና፣ በሆዷ የያዘችውን አወጣችው።

«እትዬስ ስለ እኔ ምን አሉ? ሲሰልሉኝ እንደከረሙ አውቄያለሁ።»

«እሳቸው?» ኃላፊው የክፍሉን መብራት እያጠፉ ሳቁ። «ከአንቺ በፊት እዚሁ ክፍል ይህንኑ ትምህርት ያስተማሩት እኮ እሳቸው ናቸው፤ ‹አንድ የሚጠይቅ ሰው ጠፍቶ ነው የተዘጋብኝ› ይላሉ።»